ዶሮ ወጥ ያልተሠራበት ገና

በዚያ ዓመት የገናን ዶሮ የመሥራቱ ተራ የእኔ ነበር። ጅቡቲ ውስጥ በሰው ቤት እያደርን የምንሠራ ጥቂት ሴቶች፣ በዓሉን የምናሳልፈው አንዷ ጓደኛዬ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር በተከራየቻት ክፍል ነው። ጾሙን አብረን እንፈታለን፤ ወጡን በየተራ እንሠራለን።

ዋዜማው ከሰዓት እንድወጣ ተፈቅዶልኝ ነበር። ግን አሠሪዬ ድንገት እንግዳ መጣባትና «እባክሽ እስከ ነገ ረፋድ ቆዪልኝ» አለችኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። በማግስቱ ከግቢው ስወጣ ፀሐዩ ከሯል። ሴቶቹ ለምሳ ሊደርሱ ነው፤ እኔ ገና ሽንኩርት እንኳ አልላጥኩም።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ላለቅስ ስል አንድ ነገር መጣልኝ። በፈረንጆቹ ገና አሠሪዬ ሻርኩትሪ የምትለውን እኔ ነኝ የማሰናዳላት። ሰፊ ጣውላ ላይ በስሱ የተቆረጠ ቀዝቃዛ ሥጋ፣ አይብና ፍራፍሬ አሳምሮ መደርደር ነው። እሳት አይፈልግም።

ማዕከላዊ ገበያ ወርጄ ቴምር፣ ወይን፣ ኪያር፣ ቲማቲምና ረጃጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ ገዛሁ። አይቡንና የታጨሰውን ሥጋ ያገኘሁት ከአንድ ግሮሰሪ ነው። የአሳማ እንዳይሆን ደጋግሜ ስጠይቀው ባለሱቁ ሳቀ። «የበሬ ነው እህቴ፤ እኔም እኮ አልበላም» አለኝ።

ክፍሉ ስደርስ ጓደኛዬ ፌስታሎቼን አየችና «ዶሮውስ?» አለችኝ።

«ዶሮ የለም።»

«እትዬን ምን ልትያቸው ነው?»

እትዬ የምንላቸው ከሁላችንም ቀድመው ወደዚህ አገር የመጡትን ሴት ነው። አብዛኞቻችንን ሥራ ያስገቡን እሳቸው ናቸው፤ የበዓሉም የመጀመሪያ ጉርሻ የሳቸው ነው። ጣውላ ስላልነበረን ከግድግዳው ላይ አንዱን መደርደሪያ ነቅለን በፈላ ውሃና በሎሚ አጠብነው። መሃሉ ላይ በትናንሽ ሦስት ማዕዘን የተቆረጠውን አይብ በኮከብ ቅርጽ ደረደርኩ። ዙሪያውን በኪያርና በቲማቲም ከበብኩት፤ ሥጋውን እየጠቀለልኩ በየመሃሉ አስገባሁ። ጓደኛዬ ከአገር ቤት የተላከላትን ቋንጣ ሰባብራ ጨመረችበት።

ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደለበሱ ገቡ። እትዬ ጣውላውን አዩና ቆሙ።

«ወጡስ?» አሉ።

የሆነውን ነገርኳቸው። ፍራሹ ላይ ተቀመጡ፤ ባርከው ዳቦ ቆረሱ፤ አይብና ሥጋ አድርገው ጎረሱ። ሌሎቹ የሳቸውን ፊት እያዩ ይጠብቃሉ። ደግመው ጎረሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

«ልጄ፣ ጨጓራዬን ካመመኝ ዓመታት ሆነኝ» አሉኝ። «በየበዓሉ ያንን በርበሬ በልቼ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ነው የማድረው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም እትዬ?»

«ለፍታ የሠራችውን ልጅ ምን ብዬ? አልበላም ልበላት?»

ከዚያ ቀድሞ በነበረው ዓመት ባለተራ የነበረችው ልጅ መሳቅ ጀመረች፤ እሳቸውም ተከተሏት።

«የሚመጣው ዓመት ተራ የማን ነው?» አሉ እትዬ።

ከመካከላችን በዕድሜ ትንሿ እጇን አወጣች። እትዬ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣

«እንግዲያው ከእሷ ተማሪ። ዶሮ የፈለገ ለብቻው ይሥራ።»

ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመስኩ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ጫማዬን አውልቄ ከእትዬ ጎን ተቀመጥኩና ዳቦ ቆረስኩ።