እማማ መኪና ውስጥ ሲጠብቁኝ

ጾም መሻሬን ለነፍስ አባቴ ነግሬአለሁ፤ ሰው ማማቴንም ነግሬአለሁ። ይህን ግን ለእሳቸውም፣ ለባሌም፣ ለልጄም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ ግርማ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ጸጥ ሲል ደግሞ ያደረግኩት ነገር ይሰማኛል። ስለዚህ ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ።

እኔ የባሌን እናት ሐኪም እንዳያያቸው አድርጌአለሁ። በር ቆልፌባቸው አይደለም። ክፉ ቃልም አልወጣኝም።

እማማ ጥሩነሽ ግሪን ካርዳቸውን ይዘው አሜሪካ፣ እኛ ወደምንኖርበት ኦሮራ የመጡት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ነበር። መንግሥት በካርድ የሚሰጠው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያስፈልጋቸው ነበር፤ ቁጥሩ ሲመጣ ግርማ የጤና ኢንሹራንስ ሊያስገባቸው አስቦ ነበር። ለአዲስ መጤ የሚሰጠው የመመዝገቢያ ጊዜ አጭር ነው፣ አንዴ ካለፈ ብዙ ያስጠብቃል። ግርማ ቀን ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ ይሠራ፣ ማታ ታክሲ ይነዳ ነበር። "አንቺ ካለሽ እኔ አላስብም" አለኝና ነገሩን ለእኔ ተወው።

መጀመሪያ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ የሄድን ቀን እውነትም መለሱን። ስማቸው ገና ሲስተም ውስጥ ስላልገባ ከሳምንት በኋላ እንድንመጣ ነገሩን። ለግርማ ስነግረው አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። መዋሸት ምን ያህል ቀላል እንደሚሆንልኝ ያወቅኩት እውነት በተናገርኩበት በዚያ ቀን ነው።

ለምን አደረግኩት? የእኔ እናት ቪዛ ተከልክላ ዓይኔን ሳታይ ሞተች። ግርማ ከሥራ ገብቶ እናቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ ሳይ፣ የእኔስ እናት እያልኩ ወደ ኩሽና እገባ ነበር። ቁጥሩ ካልመጣ ይሰለቻቸውና ወደ አገራቸው ይመለሳሉ ብዬ አሰብኩ። ይህ ምክንያት ይባላል? እናቴን የከለከሉኝ እሳቸው ናቸው? በሠርጌ ማግስት "መከታዬ" ብለው ስም ያወጡልኝ፣ እስከ መጨረሻውም በዚያ ስም የጠሩኝ ሴት ናቸው።

መታመማቸውንም አውቅ ነበር። ኩሽና ውስጥ ጎናቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው።

"መከታዬ፣ ለግርማ እንዳትነግሪው። ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ ዕዳ ነው አሉ። ካርዱ ይምጣና እታያለሁ" አሉኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ካርዱ እንዳይመጣ ያደረግኩትም እኔ ነኝ።

ሁለተኛ ስንሄድ፣ "ብርዱ እንዳይመታዎት፣ ወረፋውን አይቼ ልምጣ" ብዬ መኪና ውስጥ ተውኳቸው። ገብቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ የወረፋ ቁጥር አልወሰድኩም። ወጥቼ "ዛሬም አልደረሰም ይላሉ" አልኳቸው። በሚቀጥለው ግን መግባቱም አቃተኝ። በረዶ ጥሎ ነበር። ከሕንፃው ጀርባ ዞሬ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ቆምኩ። ምን እጠብቅ ነበር? ውሸቴን የሚያሳምን ያህል ጊዜ እስኪያልፍ።

ስመለስ እጄን ያዙኝ።

"እጅሽ በረዶ ሆኗል። ውስጡ ማሞቂያ የለውም እንዴ?"

"ወረፋው እስከ ውጭ ነበር፣ እማማ።"

በመስኮቱ ወደ በሩ አዩ። እኔም አየሁ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

"እንግዲህ ምን ታደርጊ" አሉና ሁለቱንም እጆቼን በነጠላቸው ጠቅልለው አሹልኝ። ሞተሩን ያስነሳሁት እስኪሞቀኝ ቆይቼ ነው።

ማታ ግርማ ታክሲውን ሊይዝ ከመውጣቱ በፊት፣ "እስካሁን? በቃ ከሥራ ፈቃድ ልጠይቅና እኔ ራሴ ልውሰዳት" አለ። ሰበብ ልፈጥር ስል እማማ ቀደሙኝ።

"ተው አንተ። ይቺ ልጅ በእኔ የተነሳ በብርድ አለቀች። ደግሞ አንተ አትነዝንዛት።"

ቀና ብለው አላዩኝም። ያን ማታ ብናገር ኖሮ የመመዝገቢያው ጊዜ ገና አላለፈም ነበር። እኔ ግን ሾርባቸውን ጨመርኩላቸው።

ጊዜው አለፈ። የበረዶው ወራት ሳያልፍ መታጠቢያ ቤት ወደቁ፤ አምቡላንስ ወሰዳቸው። የጎናቸው ሕመም ካንሰር ነበር፤ ተሰራጭቶ ነበር። ሐኪሟ "ትንሽ ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን" አለች። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ፤ ያንን አልተረጎምኩላቸውም። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ግርማ እስኪሞት ድረስ "ምነው እኔ ራሴ ወስጃት ቢሆን" ይል ነበር። በመጨረሻው ሕመሙ ጊዜ፣ ድምፁ ሰልሎ እንኳ ይህንኑ አለኝ። እጁን ይዤ "ቀናቸው ደርሶ ነው" አልኩት። የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ሄደ። ላወርድለት እችል ነበር፤ አላወረድኩለትም።

በቀደም ቤተ ክርስቲያን አንዲት አዲስ የመጡ እናት፣ "ለአማትሽ ስትሮጪ ነበር አሉ፣ የሶሻል ሴኩሪቲውን ቢሮ ታውቂዋለሽ፣ አድርሺኝ" ብለው ለመኑኝ። ይዣቸው ሄድኩ። ገብተን የወረፋ ቁጥር ወሰድን። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ፓስፖርታቸውን አየች፣ ጥቂት ነገር ጠየቀች፣ ካርዱ በፖስታ ይመጣል አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይቅርታ የምለምናቸው ሁለቱም የሉም። ይህን የሚያነብ ሰው በእነሱ ፈንታ ይቅር እንዲለኝ አልጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከዚያ ቢሮ ስንወጣ ደጁ በረዶ ነበር። ውስጡ ግን ማሞቂያ አለው፤ እጄ ሞቆ ነበር።