የክፍሌ የዓርብ ኳስ

ክፍሌ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አባቱ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ ወደቡ ከተማ መጥቶ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ቀረ፤ እሱም እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አግብቶ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዶራሌ ወደብ በከባድ መኪና ኮንቴይነር ሲያመላልስ ኖሯል። ከሹፍርና ሌላ የሚወደው ነገር ቢኖር ዓርብ ማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከእኩዮቹ ጋር የሚጫወተው ኳስ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ግን ደረቱ ይጨነቅ ጀመር። ጨዋታው ከተጀመረ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ፣ ሰው ጉልበቱን ያሳረፈበት ያህል ይከብደዋል። ቆም ሲል ይለቀዋል። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ የሚያስር ይመስላል፤ ሲተወው ተነሥቶ ይሮጣል። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ልቡን ለታመመ ሰው ያን የሚያህል መኪና ማን ይሰጠዋል? ቢናገር እንጀራው፣ ዝም ቢል ነፍሱ። መሐል ላይ ተቀርቅሮ አራት ዓርብ አሳለፈ። ሚስቱ ትርንጎ ደረጃ ላይ ለምን እንደሚቆም ስትጠይቀው «ጉልበቴን ነው» ይላታል።

በአምስተኛው ዓርብ እንዳጎነበሰ በረኛው ከይረዲን አጠገቡ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ከይረዲን ጡረታ የወጣ ነርስ ነው።

«ማሰሪያህ እኮ አልተፈታም» አለው በቀስታ። «ዛሬ ይኸ ሦስተኛህ ነው።»

«ቃር ነው።»

«ቃር ስትሮጥ መጥቶ ስትቆም አይሄድም። ጉታም ቃር ነው ብሎን ነበር።»

ክፍሌ ማሰሪያውን ለቀቀ። የቡድን ጓደኛቸው ጉታ አምና እዚሁ ሜዳ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ቀርቷል።

«ከምሳ በፊት ለትርንጎ ካልነገርሃት እኔ እነግራታለሁ» አለና ከይረዲን ክንዱን ይዞ ከሜዳው አወጣው።

ለትርንጎ ራሱ ነገራት፤ በሳምንቱ ክፍሌ ሐኪም ቤት ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎበት የመሮጫ ማሽን ላይ ወጣ። እዚህ ጎንበስ ማለት የለም፤ መሬቱ ራሱ ከእግሩ ሥር ይሸሻል፤ ሐኪሟ ናዒማም ዓይኗን ከስክሪኑ አትነቅልም። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ማሽኑን አቆመች፤ አቶ ለማለት እንደ አገሩ «ሙሴ» አለችው።

«ሙሴ ክፍሌ፣ የልብዎ ደም ሥር ጠቧል። እስኪከፈት ድረስ ኳስም መኪናም የለም።»

አዲስ አበባ ሄዶ የጠበበውን ሥር አስከፈተ። ሲመለስ የሚሠራበት ድርጅት የመኪናውን መሪ አልመለሰለትም። አሁን መኪና ማቆሚያው በር ላይ፣ እንደ ምድጃ በምትግል የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የበሩን ብረት ሲያነሣና ሲጥል ይውላል። አንዳንዴ የሱ የነበረችው መኪና በፊቱ ታልፋለች። አዲሱ ሹፌር ጡሩምባ ይነፋለታል፤ እሱ ቀና አይልም።

ከይረዲን ግን ቡድኑን አስምሎታል፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ሳይመረመር ሜዳ አይገባም። ከተጫዋቾቹ አንዱ ተክለወልድ ምንም ሳያመው ደም ግፊቱ ጣሪያ ነክቶ ተገኘ፤ እሱም ለጊዜው ከጨዋታ ታግዷል።

«ያንተ ጣጣ ለእኔም ተረፈኝ» እያለ ክፍሌ ላይ ያጉረመርማል።

ክፍሌ ዓርብ ዓርብ ከትርንጎ ጋር በሜዳው ዙሪያ ሠላሳ ደቂቃ ይራመዳል፤ ናዒማ ለጊዜው የፈቀደችለት ይህንን ብቻ ነው። ትናንት ኳሷ ወደ እግሩ ስትንከባለል ትርንጎ እጅጌውን ያዘችው።

«ልመልስላቸው እንጂ» አላት።

«ከቆምክበት ሳትነቃነቅ» አለችው።

ሳይነቃነቅ መለሰላቸው።