እናቷ የማትሰማው አልበም

ሶፋ በመስፋት የምትተዳደረው ልጅ ሙዚቃዋን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ መስማት የጀመረችው የእናቷ ጆሮ ጨርሶ ሲዘጋ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ምን ብላ ትናገራለች?

አልበሙን የሰጣት በሥራ ቦታ ትራስ የሚሞላው ባልደረባዋ ነው። "ዴዝ ሜታል የሚባል ከባድ ሮክ ነው፤ ግን ዜማ አለው፤ አትፍሪ" አላት።

መጀመሪያ ስትሰማው ሳቀች። ዘፋኙ ከሆዱ ሥር ያገሳል፤ ከበሮው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። "ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?" አለች። ከዚያ ድንገት ሁሉም ጸጥ አለና አንዲት ጊታር ብቻዋን ቀረች። ቅድም ያገሳው ሰው በንጹሕ፣ በተጎዳ ድምፅ ማዜም ጀመረ፤ ሳቋን አቆመች። አንዱ ዘፈን ሩዝ እስኪበስል አያልቅም፤ ካንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየመራ እንደሚያስገባ ሰፊ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲቆጣት "እሺ" እያለች የዋጠችውን ሁሉ ሰውየው የሚያወጣላት መሰላት።

በጆሮ ማዳመጫ መስማት ትችል ነበር። ግን ወለሉ ሲንቀጠቀጥ፣ ድምፁ ደረቷ ውስጥ ሲገባ ሌላ ነው። ድሮ የሰዓት ቲክታ እንኳ እንቅልፍ የሚነሣት እናቷ አሁን ከስፒከሩ አጠገብ ተቀምጣ በሰላም ምስር ትለቅማለች።

አንድ ቀን እናቷ የታየችበት የጆሮ ክሊኒክ ደወለ። "የእናትሽ የመስሚያ መሣሪያ ደርሷል፤ ይዘሻቸው ነይ።"

"እሺ፣ ነገ" አለች። በነጋታው ሥራ በዛ። ከዚያ ዝናብ ሆነ። ከዚያ ሰበብ መፈለጉንም ተወችው።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታቸው ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና ገባች። "ኧረ በፈጠረሽ! እዚህ ቤት በሬ እየታረደ ነው እንዴ?"

እናትየው ጎረቤቷ ጆሮዋን መድፈኗን አየችና ስለ መስሚያ መሣሪያው የምትጠይቃት መሰላት። "መሣሪያው ገና አልመጣም" አለች እየጮኸች። "ልጄማ ለእኔ ስትል እግሯ እስኪቀጥን ተመላለሰች። እግዜር ይስጣት፤ ወልዳ ትሳም!"

ጎረቤትየዋ "አሜን" አለች። ልጅቷ ሙዚቃውን አጠፋችው። እንዲህ ያለ ምርቃት ከእርግማን ይብሳል፤ የሌላ ሰው ልብስ ለብሳ የተመሰገነች ያህል ገላዋን በላት።

ሰኞ ሥራ አስፈቅዳ እናቷን ክሊኒክ ወሰደቻት። ባለሙያዋ መሣሪያውን ጆሮዋ ውስጥ ስታስገባው እናትየው ደነገጠች። ያስደነገጣት የገዛ ቀሚሷ ኮሽታ ነበር። ቀሚሱን ደጋግማ በጣቷ ዳሰሰችው፤ እያዳመጠች ፈገግ አለች።

ልጅቷ ያን ፈገግታ ማየት አልቻለችም። ወደ መጠበቂያው ክፍል ሲወጡ፣ እንደ ለመደችው አፏን ወደ እናቷ ጆሮ አስጠግታ ጮኸች። "እማ! መሣሪያው ከደረሰ ቆይቷል! እኔ ነኝ ያዘገየሁት! ሙዚቃዬን እንደ ልቤ እንድሰማ ብዬ!"

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ።

"አትጩኺ" አለች እናትየው። "ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። እሰማለሁ እኮ።"

ቀስ ብላ ደገመችው። ቀስ ብሎ ማለቱ ከጩኸቱ ይልቅ ከበዳት፤ እያንዳንዱ ቃል ሲደርስ በእናቷ ፊት ላይ ታየዋለች።

እናትየው ቦርሳዋን አንሥታ ቀድማ ወጣች። ደረጃው ጋ ስትደርስ ግን ቆመችና፣ ዞር ሳትል፣ እንድትይዛት ክንዷን ዘረጋች። ይቅር ብላት ይሁን ደረጃው አስፈርቷት፣ ልጅቷ ለመጠየቅ አልደፈረችም።