ሁለት ዓይኖች በብራና ላይ

ክረምት በገባ ቁጥር ይቺ ብራና ትለሰልሳለች። በበጋ እንደ ደረቀ የበቆሎ ቅጠል ትንኮሻኮሻለች፤ ሰኔ ሲሆን ግን መሳቢያውን ገና ስከፍተው የፍየል ቆዳ ሽታዋ ቀድሞ ይወጣል። እያት፣ ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። ጫፏ ላይ ክር የሚገባባት ቀዳዳ አላት፤ መሐሏ ላይ ሁለት ዓይኖች ተሥለውባታል። አትሳቂ፣ የእናቴ ዓይኖች ናቸው።

ያን ጊዜ ዐሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ከእናቴ ቤት፣ ከቁይ መጥቼ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነው የምማረው። አክስቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የሰው ልጅ አደራ እንቅልፍ የሚነሳት ሴት ነበረች እንጂ። «መንገድ ላይ ቆመሽ ያየሁሽ ቀን፣ በነጋታው ቁይ ነሽ» ትለኝ ነበር። ቁይ መመለስ ማለት ደብተር ዘግቶ ባል መጠበቅ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ደጃፍ ተጠለልኩ። በሩ ክፍት ነበር። ግድግዳው ላይ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፉ ቦርሳዎች፣ ከበሬ ቀንድ የተቆረጡ የጆሮ ጌጦች፣ ከብራና ቁርጥራጭ የተሠሩ የአንገት ጌጦች ተሰቅለዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ጌጥ ማለት ከሱቅ የሚገዛ የሚያብለጨልጭ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀንድማ እኛ ደጅ ውሻ ሲጫወትበት ነው የማውቀው።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል» አለችኝ ሠዓሊዋ።

አዲስ አበባ ሥዕል ተምራ የተመለሰች፣ ጣቶቿ በእንሶስላ የቀሉ ሴት ነበረች። አባቷ ዲማ ገዳም ለመጻሕፍት ጸሐፊዎች ብራና ያዘጋጃሉ፤ እሷ ደግሞ ከዳር ዳሩ ተቆርጦ የሚጣለውን ትለቅማለች። ቀዩን ቀለም ከእንሶስላ፣ ቢጫውን ከእርድ፣ ጥቁሩን ከድስት ጥላሸት ታወጣዋለች። እዚያ ቤት የሚጣል ነገር አልነበረም፤ የክር ብጣሽ እንኳ ቦታ ነበራት። «ሰው የጣለውን አንሥተሽ አንገቱ ላይ ስታስሪለት፣ ያኔ ያየዋል» ትል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት መልስ እሷ ጋ መግባት ለመድኩ። አክስቴ ቤተ መጻሕፍት የቆየሁ ይመስላት ነበር። ሠዓሊዋን «እታለም» እላት ነበር፤ ጆንያ አሰፋፍ አስተማረችኝ። በጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ የእርጥብ ብራናው ሽታ፣ በአንዲቱ መስኮት የሚገባው ብርሃን አሁንም ውስጤ አለ። በሕይወቴ ተደስቼ የተቀመጥኩበት ቤት ቁጠሪ ብትዪኝ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው።

«ማን ይናፍቅሻል?» አለችኝ አንድ ቀን።

«እናቴ።»

ዓይኖቿ ምን እንደሚመስሉ ጠየቀችኝ። ትልልቅ እንደሆኑ፣ ስትስቅ የግራው ትንሽ እንደሚጨፈን ነገርኳት። በብራና ቁራጭ ላይ በጥቁርና በቀይ ሣለቻቸው። አይታት የማታውቃትን ሴት ቁጭ አደረገቻት። ብራናዋን በክር አሰርኳትና ከዩኒፎርሜ ሥር ደበቅኳት።

አንድ እሑድ አክስቴ ጸጉሬን ልትሠራኝ ስታስቀምጠኝ ክሩን አየችው። ጎትታ አወጣችው። የእሷ ትንሽ ልጅ በትኩሳት ከተኛ ሳምንት አልፎት ነበር። እኛ አገር ዓይን የተሣለበት ብራና አንገት ላይ ከታሰረ ክታብ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የሠሪው እጅም ከጥንቆላ ጋር እንደሚነካካ ሁሉም ሰው የሚያውቅ ይመስለዋል።

«ማን ነው ያሰረልሽ?» አለች።

ጌጥ ነው ማለት እችል ነበር። ግን ከየት፣ መቼ፣ ስንት ቀን ሄድሽ ይመጣል፤ ከዚያ ቁይ ይመጣል።

«አንዲት ሴትዮ ናት። ለፈተና ይረዳሻል ብላ አሰረችልኝ» አልኩ።

ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ እኔ ምንም ማለት አላስፈለገኝም፤ ጎረቤቱ አለልኝ፤ በከተማው ብራና ቆርጣ የምታንጠለጥል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ያተኮሰው ልጅ፣ የነጠፈችው ላም፣ የፈረሰው ትዳር ሁሉ በሠዓሊዋ ተሳበበ። አከራይዋ እስከ ቅዳሜ ክፍሉን ልቀቂ አሏት።

ረቡዕ ሄድኩ። አልተቆጣችም፤ ቀንዶቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር።

«ማን እንዳለው አላውቅም» አለችኝ። «አንቺ ግን ጌጥ መሆኑን ታውቂያለሽ። ለአክስትሽ ንገሪልኝ። አንቺን ይሰሙሻል፣ ልጃቸው ነሽ።»

«እሺ እታለም።»

ሐሙስ አልነገርኩም። ዓርብ አክስቴ ፊት ቆሜ ውኃ ልቅዳ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአክስቴ ጋር ገበያ ስንወርድ ባጃጅ እታለም ደጅ ቆሟል፤ ጆንያዎቹ ተጭነዋል። እሷ ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አየችኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እየጠበቀችኝ ነበር። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ መሬት መሬት እያየሁ አለፍኩ።

በሳምንቱ የአክስቴ የንስሐ አባት ለታመመው ልጅ ጸሎት ሊያደርሱ መጡ። አክስቴ የወሰደችብኝን ብራና በወረቀት ጠቅልላ አቀረበችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጧት።

«ይሄ እኮ ክታብ አይደለም። ሥዕል ነው» አሉ። «የሠራውም እጁ የተባ ሰው ነው።»

አክስቴ እስከ በር ሸኘቻቸው። ስትመለስ «እንኪ» ብላ ብራናዋን እጄ ላይ አስቀመጠችና ምስር ወደ መልቀሟ ተመለሰች። ልጁም ዳነ። ለማንም ምንም የተናገረ ሰው የለም፤ እሷም፣ እኔም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ደምበጫ ገበያ እታለምን አገኘኋት። መሬት ላይ ሸራ ዘርግታ የፕላስቲክ ዶቃ ትሸጣለች። ጣቶቿ ቀይ አልነበሩም። ስንት ዓመት ሙሉ በልቤ የያዝኩት ይቅርታ ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን «ስንት ነው?» የሚል ሆነ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችና ዋጋውን ነገረችኝ። ገዝቼ ሄድኩ።

እናቴ ፎቶ ሳትነሣ ነው የሞተችው። ከመልኳ የቀረኝ ይሄው ነው፤ አሁን የግራው ዓይን ቀለሙ እየለቀቀ ነው። እንዴት እንደሚታደስ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ደምበጫ ቅርብ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። በየክረምቱ እንደዚህ አወጣትና፣ አይቻት፣ መሳቢያውን መልሼ እዘጋዋለሁ።