ከአንቴናዎቹ መሃል የተንጫጫው

ግሌኒስ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሙርቺሰን በሚባለው በረሃማ አገር ውስጥ «አክስቴ» ብሎ የማይጠራት ግን የለም። የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከዋጃሪዎች ናት፤ በአያቶቿ ቀይ አፈር ላይ የሬዲዮ አንቴና ትገጣጥማለች። ከሰው የሚረዝሙ፣ የሽቦ ዛፍ የሚመስሉ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት አንቴናዎች ከባልደረቦቿ ጋር አቁማለች። አቤት ኩራቷ! «እኔ ያጠበቅኩትን ብሎን እንኳን ነፋስ ሰይጣንም አይፈታው» ትላለች።

ለምን እንደቆሙ ብትጠይቋት ደስ ብሏት ትነግራችኋለች። ድሮ ድሮ ሕዋው በሙሉ የሃይድሮጅን ጉም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጋላክሲዎች ሲበሩ ብርሃናቸው በዙሪያቸው ያለውን ጉም እየገፈፈ ቦታ ከፈተ፤ ክፍተቶቹም እየሰፉ ተገናኙና ሁሉም ጠራ። ያ ጉም የላከው የሬዲዮ ሞገድ ዛሬም ይደርሳል፤ አንቴናዎቹ የሚያደምጡት እሱን ነው፤ ግን ከደካማም ደካማ ስለሆነ የትንሽ መሣሪያ ሞገድ እንኳ ይውጠዋል። ስለዚህ እዚያ ስልክ ይዞ መግባት ትልቅ ነውር ነው።

ባለፈው ሰኔ ታዲያ ጉድ ፈላ። ወጣቷ ኢንጂነር ፕሪያ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«አክስቴ፣ ከአንቴናዎችሽ መሃል የሆነ ነገር ሦስት ቀን ሙሉ በሬዲዮ ሞገድ ይንጫጫል። ዛሬ ካልተገኘ፣ የላላ ብሎን ይሆናል ብለን ሁሉንም ነቅለን እንደገና መግጠማችን ነው።»

«መንቀል? ይህን ከማይ ሞቴን እመርጣለሁ!»

ወዲያው ሠራተኛውን ሁሉ አሰልፋ ኪስ አስገለበጠች።

«አንተ ትሬቨር! ሰዓት አስረሃል፣ አንተ ነህ ጉደኛው!»

«ኧረ አክስቴ፣ በእጅ የሚሞላ እኮ ነው!»

ፕሪያ የሚንጫጫውን የሚፈልግ መሣሪያ ይዛ በሰልፉ አለፈች። ግሌኒስ ጋ ስትደርስ መሣሪያው ጮኸ። ኪሷ ባዶ ነው። ከፍ ሲያደርጉት ባሰበት፤ ጆሮዋ ጋ ሲደርስማ አበደ።

ግሌኒስ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች። ልጇ የገዛችላትን መስማት የሚያግዝ መሣሪያ፣ አረጀች እንዳይሏት በፀጉሯ ሸፍና ስትመጣ ይኸው አራተኛ ቀኗ ነው።

«ለካስ ጉደኛዋ እኔ ነኝ!» ብላ አወጣችው። ትሬቨር ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እሷም ብትሆን ሳቋ አመለጣት።

የጆሮዋ መሣሪያ ወደ ከተማ ተላከ፤ እነሱም ለምሳ የጠበሱትን የካንጋሮ ጭራ በሉ። ግሌኒስ ግን ዓይኗን ከአንቴናዎቹ አልነቀለችም፤ ጥፋቱ የብሎኖቿም ቢሆንስ?

ከምሳ በኋላ ፕሪያ እየሮጠች መጥታ ጆሮዋ ሥር ጮኸች። «አክስቴ! ጸጥ ብሏል! ሥራሽ አንድም እንከን የለበትም!»

ግሌኒስ ጥርት አድርጋ ሰምታታለች።

«ምን አልሽ? አልሰማሁም» አለቻት፤ «እስኪ ጮክ በይ፣ ትሬቨርም ይስማ!»