በድንጋዩ ግራ በኩል

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ባሏ ከተራራው ይመለሳል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ወደ መታጠቢያ ቤት ይገባል። እሷ ጫማውን ታነሳና ደረጃው ላይ ጋዜጣ አንጥፋ፣ ቁጭ ብላ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሥሩን መፈግፈግ ትጀምራለች። የሚወጡ የሚወርዱ ጎረቤቶች "ባል ማክበር እንደ አንቺ ነው" ይሏታል። እሷም ፈገግ ትላለች። ጫማውን ከማጽዳቷ በፊት እንደምታነበው ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? እሷ ነገርን የምታገኘው ከጫማ ሥር ነበር። ከከተማው ጀርባ ያለው ተራራ እስከ ወገቡ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። አፈሩ የበሰበሰ ቅጠል የበዛበት ጥቁር አፈር ነው፤ ሲደርቅ በብሩሽ ነካ ሲያደርጉት ይረግፋል። ወገቡ ላይ ምንጭ አለ። ከምንጩ በላይ መንገዱ እንደ መሰላል ቀጥ ይልና አፈሩ አልቆ ነጭ ድንጋይ ይጀምራል። የዚያ ድንጋይ ብናኝ በጫማ ሥር ገብቶ እንደ ጠመኔ ይጣበቃል። ጥቁር ብቻ ከሆነ ሰውየው እስከ ምንጩ ሄዷል፤ ነጭ ካለበት እስከ ጫፉ።

ዓመት ሙሉ ጥቁር ነበር። ያን ቅዳሜ የግራውን ጫማ ስትገለብጠው ነጭ አየች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ዓይኗን ነው። መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ እንደገና አየች። ነጭ። የቀኙንም ገለበጠችው። ነጭ። ብሩሹን ጋዜጣው ላይ አስቀምጣ ገባችና ቦርሳውን ከፈተች። የውሃ ጠርሙሱ አለ። ሹራቡ አለ። የብርቱካኑ ልጣጭ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። በየቅዳሜው የሚያመጣላት ግማሽ ብርቱካን ግን የለም።

"ተራራው እንዴት ነበር?" አለችው፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሲወጣ።

"ደህና ነበር።"

"ብቻህን ነበርክ?"

"ጎረቤታችን ነበረች።"

"እንዴት ናት?"

"ደህና ናት።"

ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። "ከሾፌሩ ጋር መነጋገር ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ከራሱ በላይ ተለጥፎ ስለኖረ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሕጉ የተነሳ አልመሰለውም። እሷም ወደ ደረጃዋ ተመለሰችና ነጩን ብናኝ ከወትሮው ሁለት እጥፍ ጊዜ ወስዳ ፈገፈገችው።

እሷ ደግሞ በልብስ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ማሽኑ የዘለለውን የሸሚዝ ቁልፍ በእጅ መስፋት ነበር ሥራዋ። ስድስት ከፊት፣ አንድ አንገቱ ላይ፣ ሁለት እጅጌው ላይ፣ አንድ ደግሞ ለመለዋወጫ ከውስጥ። በቀን አራት መቶ ሸሚዝ በፊቷ ያልፋል። ከዚያ የተረፋት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ የጎደለ ነገር ከሩቅ ይጠራታል።

ዳገቱን የጀመሩት በሐኪም ትእዛዝ ነበር። የባሏ ሆድና የአውቶቡሱ መሪ መነካካት ሲጀምሩ ሐኪሙ ዳገት አዘዘለት። ብቻውን ወድቆ እንዳይቀር ብላ እሷም ተከተለችው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እንኳ በመከራ ነው የደረሱት። እሱ ከመሬት የወጣ ወፍራም ሥር ላይ ዘፍ አለና "በቃ፣ እዚህ ቅበሩኝ" አለ።

"ለመቅበርም ተሸካሚ ያስፈልጋል። በል ተነስ!" አለችው።

በሁለት ወራቸው ጫፉ ላይ ወጡ። እዚያ ለሁለት ሰው የተለካ የሚመስል ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እሷ በግራ፣ እሱ በቀኝ ተቀመጡ። ከተማው ከታች፣ እንደ ተደፋ የቁልፍ ሳጥን ተበትኖ ይታያል። እሱ ብርቱካኑን ልጣጩ ሳይበጠስ አንድ ወጥ አድርጎ ላጠው፣ ለሁለት ገመሰው፣ መጀመሪያ ለእሷ ሰጣት። ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ሆነ። በፋብሪካው ምሳዋን ወደ ግድግዳ ዞራ የምትበላው ዓይናፋር፣ ያ ድንጋይ ላይ አንድ ቀን ድምጿን ከፍ አድርጋ ዘፍናለች። የሰማት እሱ ብቻ ነው። ዘፈኑ እስኪያልቅ ብርቱካኑን ማኘክ ትቶ ነበር።

አምና ጉልበቷ አበጠ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ "በአጥንትና በአጥንት መሃል ያለው ትራስ አልቋል፤ ከእንግዲህ ዳገት የለም" አላት። አውቶቡስ ውስጥ ወደ ቤት ሲመለሱ ባሏ ማንም ሳይጠይቀው፣ በመስኮት እያየ፣ "እንግዲህ እኔም ከምንጩ አላልፍም" አለ። እሷ ቃሉን ከጋብቻ ወረቀታቸው አጠገብ በልቧ አስቀመጠችው። ከዚያ ጀምሮ በየቅዳሜው ግማሽ ብርቱካን ከምንጩ ይመጣላት ነበር። ኩሽናዋ ውስጥ ቆማ፣ በመስኮቱ ተራራውን እያየች ትበላዋለች።

ጎረቤቲቱ ሦስተኛ ፎቅ የገባችው ከሰባት ወር በፊት ነው። ጥግ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳ ዓመት ያልሞላት፣ ሳቋ ሁለት ፎቅ የሚያልፍ ሴት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰውየውን ደረጃ ላይ አግኝታ የተራራውን መንገድ ጠየቀችው። እሱም "ነይ" አላት። ለእሱ ይህ ንግግር ማድረግ ነው።

ሰኞ ዕለት ሚስትየው ቅባት ልትገዛ መድኃኒት ቤት ገባች። ቅባቱ ገና አላለቀም ነበር።

"እትዬ! ይግቡ ይግቡ!" አለች ፋርማሲስቷ። "ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ?"

"ደህና ነው። ያን ቅባት ስጪኝ።"

"ቅዳሜ ጉድ አየሁልዎ! ጋሼ ጫፉ ድረስ አደረሱኝ። 'ምንጩ ይበቃል' ብለው እምቢ ብለውኝ ነበር፤ 'አንዴ ብቻ፣ በሞቴ!' ብዬ ለመንኳቸው። ያ ድንጋይ ደግሞ! ሶፋ በሉት! ብርቱካን አካፈሉኝ፤ እዚያ ላይ ሲበሉት ማር ነው።"

"ማር ነው?"

"ማር!"

"እኔ ከዚህ ከማዶ ሱቅ ነው የምገዛው" አለች ሚስትየው። "እዚህ ስበላው ብርቱካን ነው።"

ፋርማሲስቷ ከት ብላ ሳቀች። "አይ እትዬ፣ ቀልድዎ! ቅባቱን በቀን ሁለቴ። ዳገት ግን አደራ!"

"አደራ" አለች እሷም፣ ከአንገት በላይ ፈገግ ብላ።

ቤት ገብታ ሰሃን ማጠብ ጀመረች። አንድ ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አጠበች። ባሌን ይወስዱብኛል ብላ አይደለም፤ ሲያንኮራፋ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ማን ይወስዳል? እንኳን ለሌላ ለእሷም በዝቷል። አንጀቷን ያሳረራት ድንጋዩ ነው። ለሁለት ሰው የሚበቃ ድንጋይ ላይ ሁለት ሰው ተቀምጧል። ያቺ ሴት በየት በኩል ነው የተቀመጠችው? በቀኝ ከሆነ እሱ ቦታውን ለቆላታል ማለት ነው። በግራ ከሆነ ደግሞ... ብርጭቆውን አራተኛ ጊዜ አጠበችው።

መጠየቅ አፈረች። በስድሳ ሰባት ዓመቷ "በየት በኩል ተቀመጠች?" ብላ እንዴት ትጠይቅ? ሆድ ይፍጀው ብላ ዋለች። ማክሰኞም ረቡዕም ሆዷ ሊፈጀው አልቻለም። ሐሙስ ከአልጋ ሥር የተራራ ጫማዋን አውጥታ አዲስ ማሰሪያ አደረገችለት።

ቅዳሜ ጠዋት ባሏ ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ አገኛት።

"ወዴት ነው?"

"ተራራ።"

"ጉልበትሽስ?"

"አብሮኝ ይመጣል።"

ፋርማሲስቷ ቢጫ ጃኬቷን ለብሳ፣ ሁለት የመራመጃ ዱላ ይዛ ደረጃው ሥር ስትጠብቅ ነበር። "እትዬ! ኧረ ጉልበትዎን!" ብላ ጮኸች፤ ሊመልሷት እንዳልቻሉ ስታይ ግን አንዱን ዱላ ዘረጋችላት። "ባሌ አለልኝ" አለች ሚስትየው። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ግን ተቀበለቻት። ዱላው ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ አናደዳት።

ደኑ እንደ ድሮው ነው። የዛፎቹ ሥሮች እንደ ደረጃ ተደራርበው፣ እርጥብ አረንጓዴ የዛፍ ሽበት ለብሰው ያዳልጣሉ። ቁልቁለቱ በሚያስፈራበት ቦታ ከዛፍ ዛፍ የታሰረው ገመድ በእጅ ብዛት ተወልውሎ ያብረቀርቃል። እሷ ሁሉንም ታውቀዋለች፤ ማን እንደሆነች እንዲያስታውሷት ይመስል ዛፎቹን እየነካች አለፈች። ፊት ፊት ቢጫው ጃኬት እንደ ፍየል ይዘላል፤ ቆም ብሎ "አይዞዎት እትዬ!" ይላል፤ ደግሞ ይዘላል። አይዞዎት በተባለች ቁጥር ጉልበቷ አንድ ጊዜ ይወጋታል።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ባሏ ያን ወፍራም ሥር አየት አደረገና ቀስ ብሎ "እዚህ ቅበሩኝ" አለ።

ሳትፈልግ ሳቋ አመለጣት።

"ምን አሉ ጋሼ?" አለች ፋርማሲስቷ ዞር ብላ።

"ምንም" አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። ከዚያ እስከ ምንጩ ድረስ ዳገቱ ትንሽ ቀለላት።

ምንጩ ጋ ሲደርሱ ጉልበቷ ዱባ አክሏል። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ገመዱን ይዛ የመጀመሪያውን ነጭ ድንጋይ ረገጠች። ሁለተኛውን ስትረግጥ እግሯ ከዳት፤ ባሏ ከኋላ ወገቧን ባይይዛት ኖሮ ተንከባልላ ነበር። አስቀመጧት። ፋርማሲስቷ አንገቷ ላይ የነበረውን ሻሽ ፈትታ፣ በምንጩ ውሃ ነክራ፣ ጉልበቷን አሰረችላት። እጇ ልምድ ያለው፣ ለስላሳ እጅ ነው። ይህንንም ማየት ነበረባት።

"አንቺ ውጪ፤ ለእኔ ብለሽ አትቅሪ" አለቻት ሚስትየው።

"ብቻዎን ትቼዎት?"

"ባሌ አለልኝ አልኩሽ እኮ።"

ፋርማሲስቷ ሁለቱንም አየች፣ የሆነ ነገር የገባት መሰለች፣ "ሃያ ደቂቃ!" ብላ ወጣች። ቢጫው ጃኬት በነጩ ድንጋይ መሃል ተሰወረ።

ሚስትየው ወደ ውሃው እያየች "ጫማህ ነጭ ነበር" አለች።

ሰውየው ጫማውን አየ። ከዚያ እሷን አየ። የብሩሹ ነገር ያኔ ገባው።

"ሄጃለሁ" አለ። "ለመነችኝ፣ እምቢ አልኳት። ኋላ እኔም ማየት ፈለግሁ። እግሬ ወሰደኝ።"

"እግርህ ብቻውን አልሄደም።"

"አልሄደም።"

"በየት በኩል ተቀመጠች?"

እንዴት ሳታፍር እንደጠየቀችው አታውቅም። እሱ ግን አልሳቀም፤ ምን ማለትሽ ነው ብሎም አልጠየቃትም።

"በግራ" አለ። "ከእኔ ቀድማ ደርሳ ተቀመጠች። ተነሺ ማለት አፈርኩ። እኔ ቆምኩ።"

"ቆምክ?"

"እስክንወርድ ቆሜ ነበር። የደከመኝ መስሏት ውሃ ሰጠችኝ። ብርቱካኑን ስልጥ ታየኛለች፤ ግማሹን ሰጠኋት። ያንቺን ሰጠኋት እኮ። የቀረውንም መብላት አቃተኝ፣ ለወፍ ጣልኩት።"

ባሏ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ከትዳራቸው ጀምሮ ያለውን ብታሰላ እንኳ።

እሷ ከቀሚሷ ኪስ ብርቱካን አወጣች። ዛሬ ቦርሳው ውስጥ አልጨመረችውም ነበር። ሰጠችው። እሱም ልጣጩን ሳይበጥስ ላጠው፣ ገመሰው፣ መጀመሪያ ለእሷ ሰጣት። በቀኟ መቀመጡን ያኔ አየች።

ፋርማሲስቷ እያለከለከች ስትወርድ ሚስትየው ግማሿን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል እየበላች ነበር፤ ቀና ብላም "ቅመሺ" አላለችም። ባሏ ተቁነጠነጠና ከራሱ ድርሻ ከፍሎ ለሴትየዋ ሰጣት። ሚስትየው አየች፣ ምንም አልተሰማትም። ከራሱ ግማሽ ነው፤ ያሻውን ያድርግበት።

ቁልቁለቱን በሁለቱ ትከሻ ተደግፋ ወረደች። በር ላይ ሲደርሱ ለባሏ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ፣ "ከእንግዲህ እስከ ጫፉ ሂድ" አለችው። "ግን ቦርሳህን በግራህ አስቀምጥ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦርሳው ውስጥ ሁለት ብርቱካን ጨመረች፤ አንዱ ሙሉውን የፋርማሲስቷ፣ ማንም የማንንም እንዳይነካ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረጃው ላይ ጋዜጣ አንጥፋ፣ እግሯን ዘርግታ ነጩን ብናኝ ስትፈገፍግ ፋርማሲስቷ እየሳቀች መጣች።

"እትዬ፣ ባልዎ ምን ነካቸው? ያን ሁሉ ድንጋይ ቦርሳቸውን ዘርግተውበት፣ ልቀመጥ ብል ንቅንቅ አላሉልኝም! እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ብርቱካኔን በላሁ!"

"ጀርባውን ያመዋል" አለች እሷ፣ ጫማውን ወደ ብርሃኑ እያዞረች። "መደገፊያ ፈልጎ ይሆናል።"

ሴትየዋ እየሳቀች ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። እሷ የተረፈውን ነጭ ከጫማው ጥግ በጥንቃቄ አውጥታ፣ ጋዜጣውን አጥፋ፣ ወደ ኩሽናዋ ገባች። ግማሹ ብርቱካን ሰሃን ላይ ነበር።