የዳማ ቃጭል

ስልኬ ጢጥ አለ። ባለቤቴ ባለፈው ወር መኪናችን ውስጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ አስገጥሞ፣ ልጃችን ከተወሰነለት ፍጥነት ባለፈ ቁጥር የሁለታችንም ስልክ እንዲጮኽ አድርጓል። መኪናው የት እንደደረሰም በካርታ ላይ ያሳያል። ልጁ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ዛሬ ጠዋት ከጎንደር ወደ ዛሪማ ሲነሳ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ "እማዬ፣ ቆይ አታምኑኝም ማለት ነው?" አለኝ። ይቺን ጥያቄ እኔም በእሱ ዕድሜ ደባርቅ ላይ ጠይቄያታለሁ፤ የተሰጠኝንም መልስ አልረሳሁትም።

አባቴ ባለበቅሎ ነበር። የፈረንጅ ጓዝ እየጫነ ከደባርቅ እስከ አምባራስ ሲመላለስ ነው ያሳደገን። መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሲከፈትና ሰው ሁሉ ስለ መኪና ማውራት ሲጀምር፣ እሱም በቅሎዎቹን ሸጦ ቀለሟ የነጣ አሮጌ ፒካፕ ገዛ። መንዳት ግን አይችልም! "ባለቤቷ ነኝ እንጂ ነጂዋ ነኝ አላልሁ" ይል ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ጎንደር ልኮ መንዳት ያስተማረው እኔን ነው፤ የመጨረሻ ልጁን ትርንጎን። ደባርቅ ጉድ አለች። "አያ ሙላት ሴት ልጁን መኪና ላይ አወጣት" ተብሎ ስንት ተወራ። እሱ ምን ተዳው፣ ከቁብም አልቆጠረው።

አንድ ነገር ብቻ ይፈራ ነበር፤ ፍጥነት። ገና በመጀመሪያው ሳምንት መካኒክ ቤት ወሰደኝና፣ "ይቺ ነዳጅ መስጫዋ ከግማሽ በላይ እንዳትረገጥ አድርግልኝ" አለ። መካኒኩ ሳቀ።

"አያ ሙላት፣ ከሥሯ ብሎን ማሰር ቀላል ነው። ግን ጭነት ይዛ ዳገቱን በምን ጉልበቷ ትወጣዋለች?"

አባቴ ዳገት ያውቃል። አሰበ፣ አሰበና ወደ ቤት ተመልሶ የዳማን ቃጭል ይዞ ወጣ።

ዳማ ከበቅሎዎቹ ሁሉ ፊት ፊት የምትሄደው፣ መሪዋ ነበረች። ሌሎቹን ሲሸጥ ምንም አላለም። እሷን ሲያስረክብ ግን ሁለቱን ቃጭሎቿን፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ ከአንገቷ ፈትቶ አስቀራቸው። እንግዲህ ትልቁን ከመኪናዋ የኋላ ፓራውልት ሥር በጠፍር ጥፍር አድርጎ አሰረው። ትንሹ ቤት ውስጥ ምሰሶው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። "በይ ሂጂ አሁን" አለኝ እጁን እያራገፈ፣ "ጆሮዬ አብሮሽ ነው።"

ቤታችን ከዳባት ሲመጡ የከተማው መግቢያ ላይ ነው። እኔ ከዳባት ገብስ፣ ድንች፣ ሰውም ጭኜ ስመላለስ፣ እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ኮረኮንቹ ላይ ረጋ ብዬ ስመጣ ቃጭሉ እንደ ሰጋር በቅሎ ምቱን ጠብቆ ይላል፤ ያን ቀን ምርቃት በምርቃት ነኝ። ትንሽ ከፈጠንሁ ሶምሶማ ይሆናል፤ ግንባሩን ይቋጥራል። ግልቢያ ከሰማ ግን ገና ከመኪናው ሳልወርድ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኛል።

"ዛሬ ከድልድዩ ወዲህ ጋልበሻል።"

"ተሳፋሪዎቹ ቸኩለው እኮ ነው አባ!"

"እነሱ ይቸኩሉ። ቁልፉን ወዲህ በይ።"

ከዚያ የመኪናዋን ኮፈን መታ መታ ያደርግና፣ "ጠጥታለች?" ይለኛል። ነዳጅ ማለቱ ነው።

እንዴት እንደማፍር! የአውቶቡስ ረዳቶች ገና ከሩቅ ሲሰሙኝ፣ "ኧረ ተነሡ፣ ቅዳሴ ሊገባ ነው!" ይባባላሉ። አንዱማ ባለፍሁ ቁጥር ቆቡን አውልቆ ያማትብ ነበር። ቢሆንም ነሐሴ ላይ ገብሱ እሸት ሆኖ፣ መንገዱ ዳር እርጥብ ሣር ሲሸት፣ ያ ድምፅ ከኋላዬ እየተከተለኝ ስሄድ ደስ የሚለኝም ጊዜ ነበር። ያኔ ለማንም አልተናገርሁም።

ሕልሜ ሊማሊሞ ነበር። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን፣ አንዱ ወገኑ ግድግዳ ሌላው ወገኑ ገደል የሆነውን ጠመዝማዛ መንገድ ያልወረደ፣ በሹፌር ፊት ሹፌር ነኝ ብሎ አፉን አይከፍትም። እኔ ደግሞ አፌን መክፈት እወድ ነበር። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አባቴን እለምነዋለሁ። "ቃጭሉ ክረምቱን ሳይጋልብ ይክረም፤ ያኔ እናያለን" ይለኛል። አንድ ቀን በጣም ተናድጄ፣ "አባ፣ አታምነኝም እንዴ?" አልሁት።

"አንችንማ አምናለሁ" አለኝ። "ገደሉን ነው የማላምነው።"

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከዳባት ስመለስ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀርሁ። ተሳፋሪው ወርዶ እየተሳደበም እየሳቀም ገፍቶ አወጣኝ። ስንነሳ ከኋላ ድምፅ የለም። ወርጄ ባይ ቃጭሉን ጭቃ ሞልቶት ምላሱ ተይዟል። ልጠርገው ጎንበስ አልሁ። ጎንበስ እንዳልሁ አንድ ሐሳብ መጣልኝና ቀና ብዬ ወደ ጋቢናዬ ተመለስሁ።

ዝናብ ስለነበር አባቴ ደጅ አልተቀመጠም፤ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው የሚያዳምጠው። የመኪና ሞተር ለእሱ ሁሉም አንድ ነው፤ የኔን የሚለየው በቃጭሏ ብቻ ነው። በደጃችን ድምፄን አጥፍቼ አለፍሁ። ተሳፋሪዎቼን ገበያው ዳር አወረድሁና ባዶ መኪናዬን ይዤ ወደ ሊማሊሞ! ልቤ ከበሮ ትመታለች፣ ብቻዬን እየጮኽሁ እዘፍናለሁ። የመጀመሪያዎቹን ጥምዝምዞች እንዴት አድርጌ እንደወረድኋቸው ባያችሁ። ያቺን ደስታ ዛሬም ቢሆን አልክዳትም።

ከዚያ ጉሙ መጣ። ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ሽቅብ ወጣና መኪናዋን እንዳለች ዋጣት። የመኪናዋ አፍንጫ እንኳ አይታይም። አቆምሁና ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረግሁ። በስተግራ ሁለት እርምጃ ብራመድ እግሬ ሥር መንገድ የለም። ወደ ፊት አልሄድ፣ ወደ ኋላ አልመለስ። ከታች አንድ ከባድ መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ይሰማኛል። መጥቶ ቢጨፈልቀኝ ማን ይሰማል? እሱም ጉም አስቁሞት ኖሮ፣ ቆየና ድምፁ ጠፋ። ጋቢና ገብቼ መሪውን አቅፌ አለቀስሁ። በእግዚአብሔር ስም፣ ያኔ የናፈቀኝ ያ ስጠላው የኖርሁት ቃጭል ነበር።

ስንት ሰዓት እንደተቀመጥሁ አላውቅም። ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ። ቃጭል። ይቆማል፣ ደግሞ ይላል። ትንሹ የዳማ ቃጭል ነበር። ለካ በሰዓቴ ቃጭሌን ባይሰማ ጊዜ አባቴ ወጥቶ ከተማውን ጠይቋል፤ ጎረቤታችን ደግሞ ወደ ሊማሊሞ ስወርድ አይታኛለች። ድሮ ስሜን ተራሮች ላይ በቅሎ በጉም ውስጥ ሲጠፋበት አይጣራም፤ የመሪዋን ቃጭል እየደወለ ይሄዳል እንጂ። እኔንም እንዲሁ ሊፈልገኝ መጣ።

"ትርንጎ! አለሽ?"

"አለሁ አባ!"

ጋቢው ውኃ ጠጥቶ ከሰውነቱ ተጣብቋል። አልተቆጣኝም። መኪናዋን ዳሰሳትና፣ "ይቺ ፊቷን እንዴት ነው የምታዞረው?" አለኝ። ሰፋ ያለ ቦታ እንደሚያስፈልጋት ነገርሁት። በበትሩ መንገዱን እየነካካ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቦታ አገኘ። ከዚያ ሄዶ የቆመው የት መሰላችሁ? በገደሉ በኩል፣ ጠርዙ ላይ። "ቃጭሉ ከቀረበሽ አቁሚ" አለኝ።

የኋላ ማርሽ አስገብቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ እያንዳንዷን ስንዝር በጆሮዬ ነዳሁ። ከእኔና ከገደሉ መካከል ያለው አባቴ ብቻ ነበር። በመጨረሻ መኪናዋ ዞረች። "አሁን ግባ አባ፣ በረደህ" ስለው፣ "እኔ ከገባሁ ማን ይመራሻል?" አለና ከፊቴ ቀደመ። እሱ በእግሩ እየደወለ፣ እኔ በአንደኛ ማርሽ እየተከተልሁት፣ ሊማሊሞን ወጣን።

በማግሥቱ ትልቁን ቃጭል በእንጨት እየፋቀ ጭቃውን ሲያወጣ አገኘሁት። ቁልፉን ሳይጠይቀኝ ዘረጋሁለት። "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች" አለና ቁልፉን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። "መስከረም ሲጠባ አብረን እንወርዳለን።" ወረድንም። አደይ አበባ መንገዱን ይዞት፣ አባቴ ራሱን በመስኮት አውጥቶ፣ እስከ ዛሪማ ድረስ ቃጭሏን ሲያዳምጥ፣ "ሰጋር! ሰጋር!" ሲለኝ ዋለ። ዛሪማ ጥላ ሥር ተቀምጠን ብርቱካን በላን።

አባቴ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ቃጭሎቹ እኔ ዘንድ አሉ። ዛሬ ጎንደር ደባርቅ አስፋልት ነው፤ እንደፈለግሁ ብጋልብ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቀኝ የለም። እንዴት ደስ አይልም፣ ትሉኝ ይሆናል። አይልም። ሰው ድምፁን ለይቶ ደጃፍ ላይ የሚጠብቀው ጆሮ ሲያጣ ምን እንደሚመስል ያጣ ያውቀዋል።

ይህን ስጽፍ ስልኩን ደጋግሜ አያለሁ። ልጄን የምታሳየው ነጥብ ሊማሊሞ ላይ ቆማለች። አትንቀሳቀስም። ወቅቱ ነሐሴ ነው። ይቺ ዕቃ የት እንዳለ ትነግረኛለች እንጂ፣ ጋቢ ለብሳ ጉም ውስጥ አትገባለትም። ደወልሁ። ጠራ፣ ጠራ፣ አነሣው።

"አለህ?" አልሁት።

"አለሁ እማዬ። ጉም ነው፤ እስኪገልጥ ዳር ይዤ ቆሜያለሁ። ምነው፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"እንዳትዘጋው" አልሁና ተነሥቼ ትንሹን ቃጭል ከግድግዳው አወረድሁ።